የቤይሩት ሊራ በደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ስለበረታ ጋቢዬን ደርቤ ነው የምናገረው፤ ርእሴ ግን ባሕር ማዶ ነው፤ የሊባኖስ ኢኮኖሚ ውድቀትና የውጭ መንግሥታት በእንዲህ ያለ ጊዜ ሊያደርጉት የሚገባው።

የአንዲት ጎረቤታችን ልጅ ቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ በወር 150 ዶላር ታገኝ ነበር፤ ታናናሾቿም የሚማሩት በእርሷ ሐዋላ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 2020 ሲገባ ማዳሟ ዶላር ጠፋ ብላ በአገሩ ገንዘብ በሊራ ትከፍላት ጀመር። አንድ ዶላር ከ1997 ጀምሮ በ1,507 ሊራ ተተምኖ ስለኖረ፣ በዚያው ተመን 226,000 ሊራ ገደማ ይቆጠርላታል፤ በመጋቢት 2021 ግን የጥቁር ገበያው ዋጋ 15,000 ደርሶ ስለነበር፣ ያ ሁሉ ወረቀት የሚያወጣው 15 ዶላር ብቻ ነበር። እናቷ «እስቲ ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህና አስላልኝ፤ ሥራዋ አልቀነሰ፣ ብሩን ምን በላው?» አሉኝ።

የበላውማ ባንኩ ነው። ባንኮቹ በከፍተኛ ወለድ ዶላር ሰብስበው ለማዕከላዊ ባንክና ለመንግሥት ሲያበድሩ ኖሩ፤ የአሮጌው አስቀማጭ ወለድ የሚከፈለውም አዲሱ ካመጣው ነበር። አዲስ ገንዘብ ሲነጥፍ፣ በ2019 መገባደጃ፣ ሕግ ሳይወጣ የሰውን ተቀማጭ ቆለፉ፤ በመጋቢት 2020 ደግሞ መንግሥት የ1.2 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ሳይከፍል ቀረ። የዓለም ባንክ ቀውሱ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ከታዩት አሥር፣ ምናልባትም ሦስት እጅግ ከባዶች አንዱ ሳይሆን እንደማይቀር ጽፏል። (እኛም በታኅሣሥ 2023 የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳንከፍል ቀርተናልና፣ ይህን የምለው በትዕቢት አይደለም።)

ለጋሾች ቀድሞም በሚያዝያ 2018 ፓሪስ ላይ 11 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ቃል ገብተው ነበር፤ ማሻሻያ ይቅደም የሚል ቅድመ ሁኔታ ስለነበረበት አብዛኛው ሳይለቀቅ ቀረ። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅትም በሚያዝያ 2022 በባለሙያዎች ደረጃ የተስማማበትን 3 ቢሊዮን ዶላር ያህል ብድር ከባንኮች ማሻሻያ ጋር አሰረው። በዚህ አልከራከርም፤ የባንክ ባለ አክሲዮንና ፖለቲከኛ ተጋብተውና ተዛምደው በሚኖሩበት አገር፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ የሚገባ ገንዘብ ጎተራውን ላራቆተው ሰው መልሶ ቁልፉን መስጠት ነው። የሚከነክነኝ የዳቦና የመድኃኒት ገንዘብ በዚያው መዝገብ ሲጻፍ ነው። ለስደተኞች በዶላር የመጣው እርዳታ እንኳ በእነዚሁ ባንኮች በኩል፣ ከገበያው እጅግ ባነሰ ምንዛሪ ሲታደል ቆይቶ፣ ልዩነቱ እዚያው ቀርቷል። እንዲህ ያለው እርዳታ ማንንም ሕግ አውጪ ሳይጠብቅ፣ በዶላርነቱ በተረጂው እጅ መግባት ነበረበት።

እዚህ መንዝ ላይ የጓሳ ሣር በአባቶች ሕግ ለዓመታት ተከልሎ ይቆያል፤ ድርቅ ሲመጣ ግን ከብት እንዳያልቅ ይከፈታል። ስለተከፈተ ሕጉ ፈረሰ የሚል የለም።

ሌላው የተረሳ ነገር የእኛው ልጆች ናቸው። በ2020 ክረምት አሠሪዎች ደሞዝ መክፈል ሲያቅታቸው ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው በቆንስላችን ደጃፍ አራገፏቸው። የከፋላ ሥርዓት መኖሪያ ፈቃዳቸውን ከአሠሪው ጋር ስላሰረው፣ ከዚያ ቤት የወጣች ዕለት ሕገ ወጥ ትባላለች፤ ዜጋ ስላልሆነች መንግሥት፣ በስደተኛነት ስላልተመዘገበች እርዳታው አይቆጥራትም። ስለ አንድ አገር መውደቅ የሚመክር ለጋሽ፣ በዚያ አገር ጣሪያ ሥር ያለውን ሁሉ ከቆጠረ በኋላ በጀቱን ቢይዝ እላለሁ።

የጎረቤታችን ልጅ ዛሬ ተመልሳ እዚሁ አለች። ይዛ የመጣቻቸውን ባለ 100,000 ሊራ ኖቶች እናቷ በሙዳይ አስቀምጠዋል፤ አንድ ቀን ልመንዝርላቸው ብዬ ይዤ ወጥቼ ነበር፤ የሚቀበለኝ ባንክ አላገኘሁም።