ጾም የሌለው ሃይማኖት

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ከድሬዳዋ ነው የማወራችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከኋላ የምትሰሙት የማራገቢያ ድምፅ ነው፣ በዚህ ሙቀት ማጥፋት አይታሰብም።

በቀጥታ ልግባ። ጓደኞቻችን አንድ ሐሳብ ይዘው መጡ። ለእኛ ዓይነት ቤተሰብ አዲስ እምነት እንሥራ አሉ። አዎ፣ አዲስ ሃይማኖት። እኛ ዓይነት ማለት እናትና አባት ከተለያየ እምነት የመጡበት ቤት ነው። እኔ ኦርቶዶክስ ቤት ነው ያደግኩት፣ ባለቤቴ ሙስሊም ቤት። ልጆቻችን የእኔን እናት እማማ፣ የእሱን እናት አኮ ይላሉ። አብረውን የሚሰበሰቡት ውስጥ ካቶሊክና ሙስሊም የተጋቡ አሉ፣ ጴንጤና ኦርቶዶክስም አሉ። ሁለቱም ከእምነት የራቁ፣ ግን ልጆቻቸው ምንም ሳይዙ እንዲያድጉ የማይፈልጉም አሉ።

ድሬ ላይ ይሄ ብርቅ አይደለም። ከተማዋ በፈረንጆቹ 1902 የጅቡቲው ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች ናት፤ የአገሬው ኦሮሞና ሶማሌ ባለበት ላይ አማራው፣ ሐረሪው፣ የመኑ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ ለሥራና ለንግድ መጣባት፣ ከዚያ በኋላ ማን ከማን እንደተጋባ ቆጥሮ የሚጨርስ የለም። ጥምቀቱንም አረፋውንም አብረን ነው ያከበርነው። ልጅ ሲወለድ ግን ጥያቄው ቤት ውስጥ ይገባል። የእኔ ልጅ ከትምህርት ቤት መጥታ "እኛ ምንድነን?" ብላኛለች። ይሄን ጥያቄ የሚሸሽ ወላጅ አልወቅስም። ከባድ ነው።

ጓደኞቻችን አንድ ገጽ ጽፈው ነው የመጡት። ፍቅር፣ መከባበር፣ እውነት፣ ምስጋና፣ ተፈጥሮን መንከባከብ ይላል። በሳምንት አንድ ቀን መሰብሰብ አለ። ልጅ ሲወለድ የሚደረግ፣ ልጅ ለአቅመ አዳምና ሔዋን ሲደርስ የሚደረግ ሥርዓት አለ። ሻማም መዝሙርም አለ። ከልብ የተጻፈ ነው፣ አክብሬ ነው ያነበብኩት። ደጋግሜ ሳነበው ግን አንድ ነገር አጣሁበት። ጾም የለውም።

እስቲ ልብ በሉልኝ። እዚህ አገር ልጅ ሃይማኖትን መጀመሪያ የሚያየው በምንድነው? እኔ በስብከት አይመስለኝም። አያቱ ሳትበላ ስትውል ነው የሚያየው። ድሬ ላይ ያ ፀሐይ አናት ሲበሳ፣ አኮ ውኃ እንኳ ሳትቀምስ ለሁሉም ሰው ምሳ ስታቀርብ ያያል። "ለምን አትበይም?" ይላል። የሃይማኖት ትምህርት የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው።

በ2017 ዓ.ም ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22። ሁለቱ ተደራረቡ። እኛ ቤት ሁለቱም አያቶች ነበሩ። እማዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትቆያለች፣ ከዚያም የሥጋ የወተት ነገር አትነካም። አኮ መግሪብ፣ የምሽቱ አዛን፣ እስኪባል ምንም የለም። መጀመሪያ ሁለት ዓይነት ምግብ ልሠራ ነበር። በኋላ ግን ማንም ሳያቅደው ነገሩ ራሱን አስተካከለ። የምስር ሳምቡሳ ለሁለቱም ይሆናል። ቴምሩም ይሆናል። ሾርባውን ያለ ሥጋ ሠራነው። እማዬም ትንሽ እየቆየች፣ ትንሽ እየቆየች፣ መጨረሻ ላይ ከአኮ ጋር አዛኑን እየጠበቀች መብላት ጀመረች። ማንም አላስገደዳትም። "ብቻዋን ስትጠብቅ እያየሁ እንዴት እበላለሁ?" ነው ያለችው። ልጄም በራሷ ጊዜ ግማሽ ቀን ልጹም አለች። ለየትኛው ብላ አልጠየቀችም፣ እኛም አልነገርናትም።

አዲስ እምነት የሚባለው ነገር የሚሠራ ከሆነ በእንደዚህ ዓይነት ቀን ነው የሚሠራው፣ ብዬ አምናለሁ። አብረን ምን እንተዋለን? ለማን ብለን እንራባለን? ፍቅርና መከባበርማ ማን ይጠላል? ማንም የማይጠላው ነገር ደግሞ ሰውን አንድ ላይ አስሮ አያቆይም።

አዲስ እምነት ለመሥራት የሞከሩ ነበሩ። የሕንዱ ንጉሥ አክባር የሙስሊሙን፣ የሂንዱውን፣ የጃይኑን፣ የዞራስተሩን ሊቃውንት፣ ኢየሱሳውያን ካህናትን ሳይቀር ሰብስቦ ሲያከራክር ኖሮ፣ በፈረንጆቹ 1582 ከሁሉም የተውጣጣ የራሱን መንገድ አቆመ። ዲን ኢላሂ ይባላል። ያን ሁሉ ግዛት የያዘ ንጉሥ ነው። የተከተሉት ግን ጥቂት የቤተ መንግሥት ሰዎች ናቸው፣ እሱ በ1605 ሲሞት ነገሩም አብሮት ከሰመ። ሐሳቡ መጥፎ ስለነበር አይመስለኝም። ገበሬው ቤት፣ ማዕድ ቤት፣ ልጅ የሚታቀፍበት ቦታ አልደረሰም። በቅርቡ ደግሞ በፈረንጆቹ 2013 ለንደን ላይ ያለ አምላክ የእሑድ ጉባኤ የጀመሩ አሉ፤ መዝሙር አለ፣ ንግግር አለ፣ ሻይ አለ። ቶሎ ብዙ አገር ገባ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ብዙው ቅርንጫፍ ተዳከመ።

በሌላ በኩል ራስታዎችን ተመልከቱ። የሚያከብሯቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተወለዱት እዚሁ እኛ አካባቢ፣ ሐረር አጠገብ ኤጀርሳ ጎሮ ነው። ንጉሡ ራሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ኦርቶዶክስ ነበሩ። በፈረንጆቹ 1930 ሲነግሡ ግን ጃማይካ ላይ የተገፋ ድሃ ሕዝብ ዜናውን ሰምቶ እምነት አደረገው። በእምነታቸው ብትስማሙም ባትስማሙም፣ አዲስ ነው፣ እስከ ዛሬም አለ። ለምን? የጸጉራቸው ነገር አለ፣ የማይበሉት ነገር አለ፣ ለዚያም ሲሉ ታስረዋል፣ ተደብድበዋል። ልጆቻቸው ይሄን እያዩ ነው ያደጉት።

የሐረሩን ሹዋሊድም አስቡት። በፈረንጆቹ 2023 ዩኔስኮ የመዘገበው በዓል ነው። ያ ሁሉ ከበሮ፣ ዚክር፣ ቀለም ያለው ልብስ፣ የወጣቶች መተያየት፣ መነሻው ምንድነው? ከረመዳን በኋላ የሚጾሙት ስድስት ቀን ነው፣ በተለይ ሴቶቹ። ግዴታ እንኳ ያልሆነ ጾም ነው። ሴቶቹ ጾሙት፣ ከተማው ሙሉ ፈሰከበት።

ጓደኞቼ እኔን ሲሰሙ "አቦ አንቺ ደግሞ፣ ዘመናዊ ቤተሰብ እኮ ነን" ይላሉ። ልክ ናቸው። ልጆቻችንን በፍርሃት ማሳደግ አንፈልግም፣ እኔም አልፈልግም። መብቱም አለን፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ላይ ወላጆች በእምነታቸው መሠረት ልጆቻቸውን የማሳደግ መብት አላቸው ይላል። ጥያቄዬ መብት አይደለም። ገጹ ላይ ያልተጻፉት ነገሮች ናቸው የሚያሳስቡኝ።

ለምሳሌ ሥጋ። የክርስቲያን ሥጋ፣ የሙስሊም ሥጋ የሚባል ነገር አለ፤ እዚህ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሠርግ ላይ ራሱ እርዱም ድስቱም ለየብቻ ነው። እኛ ቤት ሁለቱ አያቶች ሲመጡ ሥጋ አንሠራም፣ አለቀ። ልጆቹ ግን ያድጋሉ፣ ይጋበዛሉ፣ የጓደኛ ቤት ይሄዳሉ። ምን ይበሉ? አዲሱ እምነት ይሄን ካልመለሰ የመጀመሪያው ግብዣ ላይ ይፈርሳል። እኔ ብጠየቅ ሁለቱንም ይብሉ እላለሁ፣ ግን በማንኛዋም አያት ፊት ሰሃን ላይ አያቅርቡ። ባለቤቴ እዚህ ላይ ከእኔ ጋር አይስማማም፣ ገና እየተነጋገርን ነው።

ትልቁ ደግሞ ሞት ነው። ማንም ማውራት አይፈልግም፣ እኔ ግን አወራዋለሁ። የሰፈራችን እድር ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም ይዟል። ድንኳኑን ይተክላል፣ ወንበሩን ያመጣል፣ ቡናው ይፈላል፣ እዚያ ድረስ ማንም ሃይማኖትህን አይጠይቅህም። የቀብሩ መሬት ግን ይጠይቃል። ወይ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ወይ የሙስሊም መቃብር ነው፣ ወይ የጴንጤ ነው። የእኔና የባለቤቴ ሬሳ አንድ ቦታ አያርፍም። ይሄን ስናውቅ ነው የተጋባነው፣ ልጆቻችን ግን አልመረጡትም። "የአዲሱ እምነት" ሰው ሲሞት ማን ይፈታዋል፣ ማን ይሰግድበታል፣ የት ይቀበራል? አርባውን ማን ይቆጥርለታል? ይሄ የተጻፈበት ገጽ ካመጡልኝ እኔ መጀመሪያ እፈርማለሁ።

ስለዚህ ለጓደኞቼ ያልኳቸው ይሄን ነው። መዝሙሩና ሻማው ይቆየን። መጀመሪያ አንድ ጾም እንምረጥ። ከሁለቱ ጾሞች ያልተሰረቀ፣ አያቶቻችንን የማያስቀይም፣ ልጆቹም የሚችሉት። እኔ ያቀረብኩት በየወሩ አንድ ቀን ምሳ አለመብላት ነው፤ የምሳውን ገንዘብ ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው ሰፈር ውስጥ ለሚያውቁት ሰው ወስደው እንዲሰጡ፣ እኛ ሳንመርጥላቸው። አንዷ ጓደኛዬ ለትናንሾቹ ይከብዳል አለች። አንዱ ደግሞ "ታዲያ ከሰደቃና ከማኅበር በምን ተለየ?" አለ። ባይለይም ግድ የለኝም።

በሚቀጥለው ወር ሳቢያን ሰፈር እኛ ቤት እንገናኛለን። የስጋውንና የቀብሩን ጉዳይ አንድ ላይ ነው የምናነሳው፣ ባለቤቴም አኮን ሊጠይቃት ቃል ገብቷል። እናንተ እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ያደጋችሁ ካላችሁ፣ ወላጆቻችሁ ሲያርፉ ምን እንዳደረጋችሁ በድምፅ ላኩልኝ። ስም አልጠራም። የተፈቀደልኝን ብቻ በሚቀጥለው ክፍል አሰማለሁ። ደህና ሁኑ።