አሮጌ መስሎ የተሠራ ጊታር

የተከበራችሁ ሙዚቀኞች፣ ጊታር ጠጋኞችና ሰብሳቢዎች፣

ከጫፍ እስከ ጫፍ ሐሰት የሆነ ጊታር ብዙም አያስቸግርም። ገንዘብ የሚያስበላው ግማሹ እውነት የሆነው ነው፤ አንገቱ የ1962 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፣ አካሉ ደግሞ ትናንት የተቀባ። ስለዚህ ክፍሎቹን እርስ በርስ ማመሳከር ግድ ነው።

ጊታሩ የአሜሪካው ኩባንያ የፌንደር ከሆነ ከመለያ ቁጥሩ አትጀምሩ። በ1960ዎቹ ቁጥሩ ያለው አንገቱን ከአካሉ በሚያያይዘው ሳህን ላይ ነው፤ አራት ብሎን መፍታት የቻለ ሁሉ ይቀይረዋል። ክሩን አላሉና የብሎኑን አፍ በልኩ በሚይዝ ካቻቢት አንገቱን ፍቱ። ተረከዙ ላይ፣ ማለትም አካሉ ውስጥ በሚገባው የአንገቱ ጫፍ ላይ፣ ቀን በእርሳስ ተጽፎ፣ ከ1962 ወዲህ ደግሞ በማኅተም ተመትቶ ይገኛል።

ቀጥሎ በፖቶቹ (ድምፁን በሚያስተካክሉት ቁልፎች ሥር ባሉት የኤሌክትሪክ ክፍሎች) ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። 304-6123 ማለት ስታክፖል የተባለው ፋብሪካ በ1961፣ በ23ኛው ሳምንት ሠራው ማለት ነው፤ መነሻው 137 ከሆነ ሠሪው ሲቲኤስ የተባለው ፋብሪካ ነው። ፖቱ ከአንገቱ በወራት ቢቀድም ያለ ነው። እንዲያውም ፌንደር በ1966 ብዙ ፖት አከማችቶ ስለነበር በ1969 ጊታር ውስጥ የ1966 ፖት ቢገኝ አትደንግጡ። ፖቱ ከአንገቱ በዓመት ከዘገየ ግን ወይ ተቀይሯል፣ ወይ ጊታሩ ከዚህም ከዚያም የተገጣጠመ ነው። ያልተነካ ሶልደር (የሽቦ መበየጃ) ፈዛዛ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ከሆነ፣ የሽቦው የጨርቅ ልባስም ጫፉ ከተለበለበ፣ እጅ ገብቶበታል።

እኔ አብልጬ የማምነው የምስማር ቀዳዳን ነው። ፌንደር እስከ 1964 መጨረሻ ድረስ አካሉን ቀብቶ የሚያደርቀው በትናንሽ ምስማሮች ላይ አሳርፎ ነበር። ምስማሩ የሚነቀለው ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ስለሆነ የቀዳዳው ውስጥ እንጨቱ ባዶውን ነው። ፒክጋርዱን (ከፊት ያለውን የፕላስቲክ ሽፋን) አንሥታችሁ በእጅ ባትሪ እዩት፦ ውስጡ ቀለም ከገባበት አካሉ ዳግም ተቀብቷል፤ ቀዳዳው ጨርሶ ከሌለ ደግሞ አካሉ የዚያ ዘመን ስለመሆኑ ጠርጥሩ።

በጨለማ ክፍል ውስጥ አልትራቫዮሌት መብራት አብሩበት። ያረጀ ናይትሮሴሉሎስ ቫርኒሽ ወደ ቢጫ አረንጓዴ ያደላል፤ በኋላ የተነካካው ቦታ ጠቁሮ ይለያል። የቫርኒሽ ስንጥቅ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ጊታሩን ፍሪዘር ውስጥ ከትቶ ማውጣት እውነተኛ ስንጥቅ ይፈጥራል። በምላጭ የተሠራው ግን ቀጥ ያለ፣ ጥልቀቱም አንድ ዓይነት ስለሆነ ያጋልጣል።

በሌላው ጊታር ሠሪ በጊብሰን በኩል፣ በ1959 ሌስ ፖል በተባለው ጊታሩ ላይ ቁጥሩ ከጊታሩ አናት ጀርባ በቀለም የተመታ ሲሆን በ9 ይጀምራል። ቁጥሩ እንጨቱ ውስጥ ጠልቆ ከታተመ ተዉት፤ ያ አሠራር የመጣው በ1961 ነው። በፒክአፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ በሚለውጠው ክፍል) ሥር ያለውን ተለጣፊ ጽሑፍም አትመኑ፤ አስመስሎ የተሠራው በግልጽ ይሸጣል።

ጃዝ ቤዝ በተባለው የፌንደር ቤዝ ጊታር ላይ ደግሞ ድርብ ቁልፍ (አንዱ በሌላው ላይ የተደረበ) ያላቸው የ1960–62 ቤዞች ከባለ ሦስት ቁልፎቹ ስለሚወደዱ፣ ቁልፎቹ የተተከሉበትን ሳህን ቀይረው የሚያቀርቡ አሉ። እዚያም የድርብ ፖቶቹን ቁጥር ከአንገቱ ቀን ጋር አመሳክሩ።

ሻጩ ብሎን አይፈታም ካለ መብቱ ነው። እናንተ ግን ዋጋውን እንደ ተገጣጠመ ጊታር ቆጥራችሁ ተደራደሩ።