«ተገኘ» ያልኳት ቀን

እ... ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ላወራ ነበር፣ አልሆነልኝም። የእማየ ወገብ ነው። ያው ባለፈውም ጀምሬ ትቸዋለሁ።

ከቢቸና በሞጣ በኩል ባሕር ዳር ገባን። መንገዱን ሁሉ በአንድ ጎኗ ተደግፋ። የሰውነትን ውስጥ የሚያነሳው ማሽን፣ ኤምአርአዩ፣ በር ላይ የምታስገባዋ ልጅ «ብረታ ብረት ሁሉ ይውለቅ» አለች። መስቀሏ! የማተቡ ቋጠሮ ጠብቆ አልፈታ አለኝ፣ በጥርሴ ፈታሁት። እማየ አንገቷን ዳበስ አድርጋ «እንዳትጥለው» አለችኝ። ማሽኑ እኮ እንደ ራጅ ጨረር የለውም፣ ማግኔት ነው። 1.5 ቴስላ የሚሉት የማግኔቱ ጉልበት ከምድር ማግኔት 30,000 እጥፍ ገደማ ነው። ድምፁ ደግሞ ቆርቆሮ በመዶሻ ሲቀጠቀጥ... እኔ ውጭ መስቀሏን ጨብጨ ቆምኩ።

ብቻ እሱ አይደለም። ሐኪሙ ምስሉን ሲከፍተው፣ ከወገቧ በታች፣ መቀመጫው አጥንት ጋ፣ የነርቩ ሥር ላይ አንዲት ነጭ ክብ ነገር ቦግ ብላለች። እኔ አፌ ቀደመኝ። «እማየ፣ ተገኘ!» አልኳት። ፊቷ... ስንት ዓመት «እርጅና ነው» ሲሏት የኖረች ሴት ናት። ፊቷ እንዴት እንደተፈታ ብታዩ። ቀና ብላ ተቀመጠች እኮ፣ በዚያ ወገቧ።

ሐኪሙ ሌላ ምስል ከፈተ። እዚያኛው ላይ ያችው ክብ ጠቁራለች። ማሽኑ በሁለት ዓይነት ያነሳል፤ ቲ ሁለት በሚሉት ምስል ውሃ ይነጣል፣ ቲ አንድ በሚሉት ይጠቁራል፤ ስለዚህ የአከርካሪ ፈሳሽ የቋጠረች ከረጢት ናት አለን። ታርሎቭ ሲስት። ታርሎቭ የሚባል ሐኪም ነው በፈረንጆቹ 1938 የጻፈላት። ብዙ ሰው ሳያውቃት ይዟት ይኖራል፣ ሌላ ነገር ሲፈለግ ነው የምትገኘው አለ። «ምስሉ መኖሯን ነው የሚነግረኝ፤ የሚያምዎት በእሷ ነው ለማለት ግን ይቸግረኛል።»

እሱን አልወቅስም። እውነቱን ነገረን። «ተገኘ» ያልኩት እኔ ነኝ። ዝም ብል ኖሮ... እንጃ። ያች ቀና ያለችባት ደቂቃስ? እሷም ትቅር?

ማታ መስቀሏን መልሸ ሳስርላት፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ልጄ፣ ተገኘ አላልኸኝም?» አለች።

ሁለት ጊዜ ቋጠርኩት። አልመለስኩላትም። ነገ ጠዋት ትደውላለች፣ ሁልጊዜ ከቅዳሴ መልስ ነው የምትደውለው፣ እና እኔ... ቆይ፣ ስልኬ እየጠራ ነው።