ዛሬ አካፋ አልያዝንም

እንደምን አደራችሁ! አባቶች፣ እናቶች፣ የሰፈራችን ወጣቶች፣ ወላጆቻችሁን በእሑድ ጠዋት ከአልጋ ጎትታችሁ ያመጣችሁ ልጆችም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

አንዳንዶቻችሁ ገና ስትደርሱ "አካፋው የታለ?" ብላችሁኛል። አካፋ የለም። ዛሬ የተከልነውን ልናይ ነው የመጣነው።

እውነቱን እንነጋገር። ተከላ ላይ ማን ይቀራል? ሐምሌ ሲመጣ ቲሸርት አለ፣ ሙዚቃ አለ፣ ፎቶ አለ። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ሐዋሳ ውስጥ ችግኝ ያልተከለ ሰው ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ፈተናው የሚመጣው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ጥርና የካቲት ላይ ችግኝ ሲደርቅ ፎቶ የሚያነሳው የለም። ለዚህ ነው ጉዟችንን ሆን ብለን በበጋ ያደረግነው።

የታቦር ተራራን ጎን ስንወጣ አትቸኩሉ። ግራቪሊያው ሰው በልጦ ሄዷል። ወይራው ግን ገና ጉልበት አልደረሰም። አትዘኑበት፤ ተፈጥሮው ነው። ግራቪሊያ ከአውስትራሊያ የመጣ፣ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። ወይራ የአገራችን ነው፤ ቀስ ይላል፣ ግን ይከርማል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ለመጪው ክረምት ግራቪሊያውን ቀነስ አድርገን ወይራና ዋንዛ እንጨምር ባይ ነኝ። ኮሚቴው ውስጥ በዚህ የማይስማሙኝ አሉ። ያው ከኋላ ቆመው ይስቃሉ።

ከመጀመሪያው መታጠፊያ በላይ አንድ የደረቀ ችግኝ ታገኛላችሁ። እንዳይነቀል ብዬ ነው የተውኩት። ጎንበስ ብላችሁ እዩት። ችግኙ ያደገበት ጥቁር ላስቲክ ጠርዙ ከአፈሩ ብቅ ብሏል። ከነላስቲኩ ነው የተተከለው! ሥሩ መውጫ ሲያጣ እዚያው ውስጥ ተጠምጥሞ ቀረ። አጠገቡ ያለውን ዋንዛ ደግሞ ፍየል ጫፉን ቀንጥሶታል። እሱ ግን ከጎኑ አዲስ ቅጠል አውጥቷል። ምክንያቱን ከሥሩ ታዩታላችሁ፦ በድንጋይ የተከበበች ግማሽ ክብ እርከን አለች። ቁልቁል የሚሮጠውን ውሃ ያዝ አድርጋ ታሰርገዋለች።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ፎቶ አንሱ፣ አልከለክልም። በምዕራብ ሐይቁ፣ በምሥራቅ ከተማው፣ በደቡብ የአላሙራ ተራራ ይታያል። ከዚያ በኋላ ግን ሐይቁን ደግማችሁ እዩት። ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ ጥቁር ውሃ ብቻ ነው። የሚወጣ ወንዝ ደግሞ የለውም። ጎርፍ ከተራቆተ ኮረብታ ጠርጎ ያስገባው አፈር መውጫ የለውም፤ እዚያው ይተኛል። ጥልቁ ቦታ እንኳ ከ20 ሜትር ብዙም አያልፍም። "ይህን የሚያህል ሐይቅ በደለል ምን ይሆናል?" ለሚል ሰው ጨለለቃን አሳዩልኝ። ታላላቆቻችን ሐይቅነቱን ያስታውሳሉ። ዛሬ ረግረግ ነው፣ ከብት ይግጥበታል።

ከእናንተ የምንፈልገው ብዙ አይደለም። ስንወርድ ከታች መዝገብ ይዞ የሚጠብቃችሁ ልጅ አለ። በየቤተሰቡ አምስት አምስት ችግኝ ተረከቡ። የበልግ ዝናብ እስኪጥል በሳምንት አንድ ጀሪካን ውሃ ይበቃል። ፍየል ያላችሁም አደራ፣ እሰሩልን። ስም አልጠራም።

በሉ እንነሳ፣ ፀሐዩ ሳይከር። እናቶች ከፊት ይሁኑ፣ እርምጃችንን በእነሱ ልክ እናድርግ። ከጉዞው በኋላ አሞራ ገደል ወርደን የዓሣ ሾርባ እንጠጣለን። ሒሳቡ ግን በየራሳችን ነው።