ቡቺ ምግብ ይመርጣል ወይስ ጠግቧል?

(ምስል፦ አንድ ሳህን ደረቅ የውሻ ምግብ። አጠገቡ ነጭ ትንሽ ውሻ ፊቱን አዙሮ ተኝቷል።)

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ። ይሄ የምታዩት ቡቺ ነው። 3 ኪሎ ይመዝናል። ዝርያው ማልቲዝ ነው ብለው ነው የሰጡን፤ ጆሮውን ሳየው ግን እጠራጠራለሁ። ሳህኑ ከጠዋት ጀምሮ አልተነካም። መጥቶ ያሸተዋል፣ እኔን ቀና ብሎ ያየኛል፣ ይሄዳል።

ሰው ሲጠይቀን "ቡቺ እኮ ምግብ ይመርጣል" እንላለን። ትንሽ ኩራትም አለበት።

አንድ ቅዳሜ ግን ወረቀት ይዤ ቤት ውስጥ ማን ምን እንደሚሰጠው ጻፍኩ። ቁርስ ላይ እናቴ የእንቁላሏን ግማሽ አካፈለችው። ቡና ሲፈላ እህቴ ዳቦ ቆረሰችለት፤ 30 ግራም ይሆናል። ምሳ ላይ አባቴ ከጥብሱ ጣል አደረገለት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብሎ ደግሞ ደገመው።

(በስክሪኑ ላይ፦ 35 + 80 + 75 = 190)

ግማሽ እንቁላል 35 ካሎሪ ገደማ ነው። ዳቦው 80፣ ሥጋው 75። ድምሩ 190። እንደ ቡቺ 3 ኪሎ የሆነና ቤት ውስጥ የሚውል አዋቂ ውሻ ደግሞ በቀን የሚያስፈልገው 200 ካሎሪ አካባቢ ነው። እና ቡቺ ምን መርጦ! በልቶ ጨርሷል እንጂ።

የትንሽ ውሻ ነገር እዚህ ላይ ነው። አንድ ትልቅ ሰው በቀን 2,000 ካሎሪ ይበላል ብንል፣ የኛ የአንድ ቀን ምግብ የቡቺ የአሥር ቀን ቀለብ ነው። ለእኛ ቅምሻ የሆነችው ቁራጭ ለእሱ ምሳ ናት። ግቢ የሚጠብቅ ትልቅ ውሻ ቢሆን ያው ጉርሻ ጥርሱ ላይ ቀርቶ ነበር።

ሌላም የተማረው ነገር አለ። ሳህኑን ትቶ ሲያየን እንደነግጣለን። ወዲያው ጉበት ይቀቀላል። ነገም ይተወዋል። ማን ሞኝ አለ?

(ምስል፦ የውሻው አፍ በቅርበት።)

ነገር ግን ከሁሉም በፊት ጥርሱን እዩ። የትንንሽ ውሾች ጥርስ ጠባብ መንጋጋ ላይ ተጨናንቆ ስለሚበቅል ቶሎ ይቆሽሻል፣ ድዱም ይታመማል። አንዳንዶቹ የወተት ጥርሳቸው ሳይወልቅ ዋናው ጥርስ ከጎኑ ይበቅላል። ምግቡን አንስቶ መልሶ የሚጥል፣ በአንድ ጎን ብቻ የሚያኝክ፣ አፉ በጣም የሚሸት ውሻ እየመረጠ ላይሆን ይችላል። አሞታል። ደህና ይበላ የነበረ ውሻ በድንገት ሲያቆምም እንደዚያው። ምንም ሳይበላ 24 ሰዓት ካለፈው፣ ካስመለሰው ወይም ከደከመ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት።

ቡችላ ከሆነ 24 ሰዓት አትጠብቁ። የትንሽ ዝርያ ቡችላ ጥቂት ሰዓት ካልበላ የደሙ ስኳር ሊወርድ ይችላል። ይንቀጠቀጣል፣ ይንገዳገዳል። ድዱን ትንሽ ማር ቀባ አድርጋችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ። ለቡችላ በቀን ሦስት አራት ጊዜ መስጠት ነው። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ለጤነኛ አዋቂ ውሻ ብቻ ነው።

ምግቡን በቀን ሁለቴ ያቅርቡለት። 15 ወይም 20 ደቂቃ ይጠብቁ። ካልበላ ያንሱት፤ ቁጣም ልመናም አያስፈልግም። እስከሚቀጥለው የምግብ ሰዓት ውሃ ብቻ። ጠዋት ያነሣችሁበት ውሻ ማታ ላይ ሌላ ውሻ ነው።

ውሻ ምግብ የሚመርጠው በምላሱ ሳይሆን በአፍንጫው ነው። ምላሱ ላይ ያሉት የጣዕም ሕዋሳት ከእኛ በጣም ያነሱ ናቸው። ስለዚህ ደረቁን ምግብ በትንሽ ለብ ያለ ውሃ አርሱት። ሽታው ይነሣል። ከፍሪጅ የወጣ ቀዝቃዛ ምግብ ግን ለእሱ ሽታ የለውም ማለት ይቻላል።

እኔ የሠራሁት ስህተት ደግሞ ከረጢቱ ነበር። ኪሎው ረከስ ይላል ብዬ የ15 ኪሎውን ገዛሁ። ቡቺ በቀን የሚበላው 55 ግራም ገደማ ነው፤ በእኛ ቤት ሲኒ ሁለት ሲኒ። አካፍሉት፤ ዘጠኝ ወር ይፈጃል። ከረጢቱ ከተከፈተ በኋላ ምግቡ ውስጥ ያለው ቅባት በአየር እየተበላሸ ይሄዳል። እኛ ምንም አይሸተንም፤ እሱ ግን የከረመ ዘይት ይሸተዋል። ትንሹን ከረጢት ግዙ፣ አፉን ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ዓይነቱን ስትቀይሩም ለአንድ ሳምንት ያህል ከቀድሞው ጋር እየቀላቀላችሁ ይሁን፤ በአንዴ ከሆነ ሆዱን ያመዋል።

(ምስል፦ የሽንኩርት ክምር።)

አሁን ወደ አባቴ ጥብስ እንመለስ። ሽንኩርቱን አራግፎ ነው የሚሰጠው። አይበቃም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ይጎዳሉ። መብሰሉ መርዙን አያጠፋውም፣ መረቁ ውስጥም ይቀራል። ምልክቱ ደግሞ ከቀናት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ማንም ከወጡ ጋር አያገናኘውም። የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት ምን አለው? ስለዚህ "ወጥ ብቻ ነው የሚበላልኝ" የሚባለው ውሻ የሚያሳስብ ውሻ ነው። ቸኮሌት፣ ወይንና ዘቢብም አይሰጡትም።

ሁዳዴ ሲገባ ሌላ ጣጣ አለ። በብዙ ቤት ውሻውም አብሮ ይጾማል፤ 55 ቀን በሽሮ ፍትፍት ይከርማል። ከዚያ የፋሲካ ለት ቅባቱ፣ የዶሮው ቆዳ፣ አጥንቱ በአንዴ ይወርድለታል። ድንገተኛ ቅባት ቆሽቱን ሊያስቆጣው ይችላል፤ ለትንሽ ውሻ ይሄ ቀላል ሕመም አይደለም። የበሰለ የዶሮ አጥንት ደግሞ ተሰንጥሮ ጉሮሮውን ወይም አንጀቱን ይወጋል። የቤት ምግብ ልስጠው ካላችሁ ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት የተቀቀለ የዶሮ ሥጋ በሩዝ ለጥቂት ቀን ይሆናል። ለወራት ግን አይሆንም፤ ካልሲየም ይጎድለዋል።

(ምስል፦ ባዶ የወተት ጣሳ፣ ውስጡ ደረቅ የውሻ ምግብ።)

እኛ ቤት ጉርሻን መከልከል አልተቻለም። ሞክሬ ነበር፤ እናቴ አኮረፈች። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት 55 ግራሙን መዝኜ እዚህ ጣሳ ውስጥ አደርገዋለሁ። የቡቺ የቀን ምግብ ይሄ ብቻ ነው። ማጉረስ ያማረው ሰው ከጣሳው ይዘግናል፤ የተረፈው ማታ ሳህኑ ላይ ይሆናል።

የመጀመሪያውን ቀን ቡቺ አኮረፈ። በሁለተኛው ቀን ማታ ግማሹን በላ። በሦስተኛው ቀን ሳህኑን ላሰው። እናቴ አሁን ምግቡን አንድ አንድ ፍሬ እያነሣች ታጎርሰዋለች። ያንኑ ንቆት የነበረውን ምግብ ነው፤ ከእሷ እጅ ሲሆን ጣቷን ሊበላ ይደርሳል።