ስለቱ ላልሰመረለት፦ በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተከበሩ የንስሐ አባታችን፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከሐረርና ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣችሁ የቀድሞ የማኅበራችን ልጆች፣ እንኳን ለዚህ ቀን በሰላም አደረሳችሁ። ታኅሣሥ የድሬ ሰው ነፍሱ መለስ የምትልበት ወር ነውና አየሩም አግዞናል። አምና በዚህ ወንበር ተቀምጠው የነበሩና ዛሬ የሌሉ አሉ፤ ነፍሳቸውን በአብርሃምና በይስሐቅ አጠገብ ያኑርልን።

ሒሳቡን ገንዘብ ያዣችን ያቀርባል፤ እኔ አልነካካውም። ወደ ቁሉቢ ገብርኤል የሚወስደንን መኪና ነገር ጸሐፊያችን ይነግራችኋል። እኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መነሻው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አምና ደንገጎን ልንጨርስ ስንል «ጧፉን ቤት ረሳሁት» ብሎ ያስቆመን ሰው ራሱን ያውቃል፤ ዘንድሮ ጧፉን ከማታው ኪሱ ይክተት።

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ንግሡ ሳምንት ቀርቶታል። ከድሬዳዋ ተነስተን ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥተን ቁሉቢ ስንደርስ የምናየውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ድንጋይ ተሸክሞ ዳገቱን የሚወጣ አለ። ጃንጥላ የያዘ፣ ምንጣፍ የጠቀለለ፣ በስለት ያገኘችውን ልጅ ለክርስትና ያቀፈች አለች። ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ ራስ መኮንን ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ ተስለው፣ በ1888 ዓ.ም. ከተገኘው ድል በኋላ ያሠሩት ነው ይባላል። ስለዚህ ቦታው የደረሰ ስለት ቦታ ነው። እልልታው ከዚያ ይመጣል፤ ደስም ይላል። እኔም ስንት ጊዜ እልል ብያለሁ።

ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ሌላ ሰው ነው። አምናም ካቻምናም ያንኑ ልመና ይዞ የመጣ ሰው አለ። ልጇ በጅቡቲ በኩል ወጥቶ ስልኩ የጠፋባት እናት አለች፤ አጠገቧ ያለችው ሴት ከበሮ ስትመታ እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትቆማለች። ዓመቱን ሙሉ ሥራ ፈልጎ ያጣ አለ። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ጸሎት ነው» ብሎ የሸኘው አለ። ይህ ሰው ከእኛ ጋር ወጥቶ ከእኛ ጋር ይወርዳል፣ በመኪናው ውስጥ መዝሙሩ ይደምቃል፣ እሱ መስኮቱን ያያል። በዓሉ የእሱም ነው ወይ? እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔ በዓሉ ከማንም በፊት የእሱ ነው ባይ ነኝ።

ምክንያቴን ልናገር። ታኅሣሥ 19 የምናስበው ሠለስቱ ደቂቅን፣ ሦስቱን ልጆች ነው፤ አናንያን፣ አዛርያን፣ ሚሳኤልን። ንጉሡ ናቡከደነፆር በእሳት ሲያስፈራራቸው የመለሱት መልስ ትዝ ይበላችሁ። «አምላካችን ሊያድነን ይችላል» አሉ። እዚህ ላይ ቢያቆሙ እኛም የምንለው ነው። እነሱ ግን ቀጠሉ፤ «ባያድነንም እንኳ ላቆምኸው ምስል አንሰግድም» አሉ። በስለት ቋንቋ ብንናገረው፣ ስለታቸው ሳይሰማ የገቡ ልጆች ናቸው። መልአኩ የወረደው እሳቱ ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው እንጂ በር ላይ ጠብቆ አልመለሳቸውም።

ሌላም አለ። ዳዊት የምትደግሙ ታውቁታላችሁ፤ ከመዝሙሩ በኋላ በሚመጣው በነቢያት ጸሎት ውስጥ የእነሱም ጸሎት አለ። መጀመሪያ አዛርያ ይጸልያል። ጸሎቱ ልቅሶ ነው፤ አለቃ የለንም፣ ነቢይ የለንም፣ መሥዋዕት የምናቀርብበት ስፍራ የለንም እያለ ያነባል። ምስጋናው ከዚያ በኋላ ይመጣል። እሳቱ ያን ጊዜም እየነደደ ነው። ለሦስቱ የሆነላቸው ነገር በመካከላቸው እንደ ጠል ያለ ነፋስ መንፈሱ ነው። የግንቦትን ወበቅ የሚያውቅ የድሬ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም፤ ሙቀቱ ሳይጠፋ፣ ማታ ግቢ ውስጥ አልጋ አውጥቶ ሲተኛ የምትመጣውን ያችን ትንሽ ነፋስ ያውቃታል።

ይህን ስል ከመጽሐፍ ብቻ እያወራሁ እንዳይመስላችሁ። ብዙዎቻችሁ ታሪኬን ታውቃላችሁ፤ ወጣቶቹ ግን አልሰማችሁም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ለብዙ ዘመን በሰው የስፌት መኪና በኪራይ ነበር የምሰፋው። «በራሴ መኪና ከሰፋሁ ጃንጥላ አስገባለሁ» ብዬ ለቁሉቢው ተሳልኩ። ሲንጀር የስፌት መኪናዬን ገዛሁ፤ ሐምሌ 19 ቀን 1998 ዓ.ም. ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ፣ አስገባሁ፣ እልል አልኩ፣ ተመለስኩ። ቤቴም ሱቄም ደቻቱ ዳር፣ መጋላ በኩል ነበር። ደቻቱን ታውቁታላችሁ፤ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፣ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ክፋቱ ዝናቡ ደጋው ላይ ይዘንባል፣ ጎርፉ ግን በጨለማ እኛ ጋ ይደርሳል። ጃንጥላዬ በገባ በ11ኛው ቀን፣ ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ መጣ። በዚያች ሌሊት ድሬዳዋ ውስጥ ከ250 በላይ ሰው ሞተ፤ ያልተገኘም አለ። እኔን፣ ሚስቴንና ልጆቼን ጎረቤታችን ሐጂ ጣራቸው ላይ ጎትተው አወጡን። ሲነጋ ሲንጀሯ የለችም፣ ሱቁ የለም፣ ግድግዳውም የለም። ከግቢያችን ሁለት ሰው የለም። በማግስቱ ፍልሰታ ገባ።

ያኔ የተሰማኝን አልደብቅም። የሞቱትን እያየሁ ስለ ስፌት መኪና ማዘን አፍሬበታለሁ፤ አዝኜበታለሁም። ከሁሉ የከነከነኝ ግን ጃንጥላው ነው። «አሥራ አንድ ቀን እንኳ አይጠበቅም?» አልኩ። ለማን እንዳልኩት ታውቃላችሁ።

ፍልሰታ ተፈታ፣ ነሐሴ 19 ደረሰ። የዚያን ወር ጽዋ ባለ ተራው እኔ ነበርኩ። ተጠልለን በነበርንበት ድንኳን ተቀምጬ ተራዬን ረስቼዋለሁ፤ ቤት የሌለው ሰው ምን ተራ አለው? ከሰዓት በኋላ የዚያን ጊዜው ሙሴያችን፣ የማኅበራችን መሪ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዳቦ በመሶብ አስይዘው፣ ጠላ በጄሪካን አሸክመው ከአባላቱ ጋር መጡ። ልመልሳቸው ተነሳሁ። «ተራህ ነው» አሉኝ። «ምን አለኝና?» ብላቸው፣ «ዳቦው የኛ ነው፣ ቤቱ ግን ያንተ ነው፤ ግቡ በለን እንጂ» አሉ። ግቡ አልኳቸው። ግማሹ ሰው ውጭ ቀረ፤ ድንኳኑ አልበቃም።

ጽዋው ራሱ ከቤቴ ዕቃ ጋር በጎርፉ ሄዷል፤ ካለፈው ወር ባለ ተራ ተረክቤው እኔ ጋ ነበር። ስለዚህ ጠላው በቴርሞስ ክዳን ዞረ። ሽማግሌው ያችን ቀይ የፕላስቲክ ክዳን በሁለት እጃቸው እንደ ብር ጽዋ ከፍ አድርገው ሲይዙ ሚስቴ ሳቀች። ከጎርፉ ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ሳቋ ነው። አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ አላቆመላትም። እሳቸውም ሳቁ።

ከዚያ የሠለስቱ ደቂቅን ጸሎት በቃላቸው ጀመሩ፤ እሳቸው በግእዝ ይላሉ፣ አንዱ ልጅ በአማርኛ ይከተላል። ፀሐይና ጨረቃ ያመስግኑት፤ እንላለን። እሳትና ቃጠሎ ያመስግኑት፤ እንላለን። እዩት እንግዲህ፣ ልጆቹ እየነደዱበት ያለውን እሳት ራሱን አብረኸን አመስግን ይሉታል። ቀጥሎ ባሕርና አፍላግ ደረሰ። ወንዞች ማለት ነው። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። ሊዘሉት ይችሉ ነበር፤ አልዘለሉትም። እኔ አፌን ዘጋሁ። ከድንኳኑ በስተጀርባ ያ ወንዝ አለ፣ ሁለት ጎረቤቶቼን የበላ። ሌሎቹ ግን አሉት። እኔ ባልል ጸሎቱ አልተቋረጠም። ማንም «አንተስ?» አላለኝም።

ያችን አንዲት ቃል ከዓመት በላይ ሳልላት ቆየሁ። መቼ እንደጀመርኩ አላውቅም። አንድ ቀን ከሰው ጋር ስላት ራሴን ሰማሁት፤ ያን ዕለት መኪናም ቤትም አልነበረኝም፤ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ስለዚህ በመከራ ጊዜ በእግዚአብሔር ደስ መሰኘት ሲባል እኔ የማውቀው ይህንን ነው። ሰው ደስታው ሲጠፋበት ሌሎች ይዘውለት ይቆያሉ፤ እስኪመለስ ድረስ ተራው አይታለፍም። ቅዱስ ጳውሎስ «ሁልጊዜ በጌታ ደስ ይበላችሁ» ብሎ የጻፈው ታስሮ ሳለ ነው፤ የጻፈውም ለፊልጵስዩስ ሰዎች ነው፤ በዚያችው ከተማ እስር ቤት ከሲላስ ጋር በእኩለ ሌሊት ሲዘምር እስረኞቹ ይሰሙት ነበር። በግንዱ ተጠርቆ የሚዘምር ሰው «ደስ ይበላችሁ» ሲል ያምርበታል። እኛ ግን ቡና ጠጥተን፣ ጠግበን ሄደን ለሐዘንተኛ ስንለው አያምርብንም።

ይህን ያወቅሁት በራሴ ጥፋት ነው። ከእህቶቻችን አንዷ ሐዘን ደርሶባት ልጠይቃት ሄድኩ፤ ስሟን አልጠራም፣ ፈቅዳልኝ ነው የማወራው። ተቀምጬ ጥቅስ በጥቅስ ላይ ደረደርኩ፤ ደስታ፣ ተስፋ፣ ኢዮብ። እኔው ራሴ፣ ያ ድንኳን ውስጥ የቆየሁት ሰውዬ! ሰምታ ሰምታ፣ እንደ ድሬ ልጅ አንቱታ የለ ምን የለ፣ «አቦ ጋሼ፣ ስብከቱን ለነገ አድርገውና ውሃ መጥቷል፣ ጄሪካኖቹን ሙላልኝ» አለችኝ። ኮቴን አውልቄ ሞላሁላት። ስጨርስ ቧንቧው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስለ ሟቹ ታጫውተኝ ጀመር፤ አለቀሰች፣ በመሀል ሳቀችም። አንድም ጥቅስ አልጨመርኩም።

በነህምያ ዘመን ሕዝቡ የሕጉን ቃል ሰምቶ ሲያለቅስ «የእግዚአብሔር ደስታ ኃይላችሁ ነውና አትዘኑ» ተባለ። ይቺን ቃል በፍሬም አድርገን ግድግዳ ላይ ሰቅለናታል፤ እዚህ አዳራሽም በጀርባዬ አለች። ከእሷ በፊት ያለውን ግን አልሰቀልነውም። ብሉ፣ ጠጡ፣ ምንም ላልተዘጋጀላቸውም ድርሻቸውን ላኩ ይላል። አትዘኑ የሚለው ከድርሻው ጋር ነው የሄደው። ድርሻውን ቤት አስቀምጠን «አትዘኑ»ን ብቻ የምንልክ ሆነናል፤ እኔ በግሌ እንዲያ ነበርኩ።

እንግዲህ የሥራ አመራሩ ተነጋግሮበት ለዚህ ጉባኤ የማቀርበው ይህን ነው። ከዛሬ ጀምሮ በየወሩ 19 ጽዋው ከመዞሩ በፊት፣ ዳቦው ሲቆረስ የመጀመሪያው ቁራሽ ከቤት ይወጣል። አልጋ ላይ ላለ፣ ሐዘን ላይ ላለ፣ አልመጣም ብሎ ለቀረም ጭምር። በተለይ አልመጣም ላለው። ይዞ የሚሄደው ሰው እንዲሰብክ አልተላከም፤ ውሃ ካለ ይቅዳ፣ ልጅ ካለ ይያዝ፣ ዝም ከተባለም ዝም ይበል። ተራው የደረሰና ማዘጋጀት ያቃተው ሰው ካለ ተራው አይዘለልም፤ ይዘን እንሄዳለን። ቁሉቢም ስንሄድ በመኪናው ውስጥ መስኮት መስኮቱን የሚያይ ሰው ካለ አትጎትጉቱት። አጠገቡ ተቀመጡ።

ሐሳብ ያለው ከምሳ በኋላ ይናገራል። እንደምታውቁት ጾም ነው፤ ሽሮውም ምስሩም ደርሷል። አሁን አባታችን ዳቦውን ይባርኩልን። የመጀመሪያው ቁራሽ ሳቢያን ሰፈር ወዳለችው እናታችን ነው የሚሄደው፤ ልጇ ያልደወለላት። እናንተ ሁለታችሁ፣ አዎ እናንተ በሩ ጋ ያላችሁ፣ ባጃጁ ውጭ ቆሟል። ፌስታሉን ሳይሆን መሶቧን ይዛችሁ ሂዱ፤ ስትመለሱ ድርሻችሁ ይቆያችኋል።