የድንክዬው ሠሪ ስም የት ገባ?

የተከበራችሁ የሸክላ ሥራ ባለሙያዎች፣ እናቶቻችን፣ ተማሪዎች፣ የዐውደ ርእዩ አዘጋጆች፤ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

የተሰጠኝ ርእስ የአውሮፓ የአትክልት ቦታ ድንክዬዎች ታሪክ ነው። ቀይ ሹል ቆብ ደፍተው፣ ነጭ ጢማቸውን ለቀው፣ መቆፈሪያ ወይም ፋኖስ ይዘው በአበባ መደብ መካከል የሚገተሩትን ትንንሽ የሰው ምስሎች ታውቋቸዋላችሁ። ዓመታቱን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ይህ ታሪክ ሲተረክ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከገዢው ነው። ሰር ቻርልስ አይሸም የተባለ እንግሊዛዊ ባላባት በ1840ዎቹ ከጀርመን፣ ከኑረንበርግ የሸክላ ድንክዬዎች አስመጣ። ላምፖርት ሆል በተባለው ግቢው ውስጥ ድንጋይ አስቆልሎ ባሠራው ጉብታ ላይ ማዕድን ቆፋሪ አስመስሎ ደረደራቸው። ሰውየው በመናፍስት የሚያምን ነበርና ለእሱ ጨዋታ ብቻ አልነበሩም። በ1903 ሲሞት ሴት ልጆቹ ጠራርገው አስወገዷቸው። አንዱ ብቻ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ተሸጉጦ ተረፈ። ዛሬ «ላምፒ» ይሉታል፤ የአንድ ሚሊዮን ፓውንድ መድን ተገብቶለታል። የገዛውን እናውቃለን፣ የጣሉትን እናውቃለን፣ ዋጋውንም እናውቃለን። ጭቃውን ያቦካው ማን ነው? ይህን የሚጠይቅ የለም!

በ1870ዎቹ ጀርመን፣ ቱሪንገን በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ግሬፈንሮዳ በምትባል መንደር፣ ፊሊፕ ግሪበልና አውጉስት ሃይስነር ድንክዬውን በብዛት ወደ ማምረቱ ገቡ። የሁለቱ ባለቤቶች ስም ቀርቷል። ሥራው ግን የብዙ እጅ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ጭቃ ሲደርቅና ሲተኮስ አንድ አሥረኛ ያህል ስለሚኮማተር ቀራጩ የመጀመሪያውን ቅርጽ ከሚፈለገው ቁመት አስረዝሞ ያበጀዋል። ከዚያ በክፍል በክፍል የጀሶ ሞልድ፣ ማለትም ቅርጽ ማውጫ፣ ይወጣለታል። የቀጠነ ጭቃ ሲፈስበት ጀሶው ውኃውን ይመጥጣል፤ ግድግዳው ከ5 እስከ 8 ሚሊሜትር ሲወፍር የተረፈው ይደፋል። ሞልዱ እርጥብ ከሆነ ጭቃው አልላቀቅ ይላል። ጢሙ ላይ አየር ከታፈነ ደግሞ ጉድጓድ ይቀራል። ክንዱ ለብቻው ተሠርቶ፣ መጋጠሚያው በሁለቱም በኩል ተጫጭሮ፣ በዚያው በቀጠነ ጭቃ ይለጠፋል። አንዱ ከሌላው ቀድሞ የደረቀ እንደሆነ እኩል አይኮማተሩምና ብብቱ ላይ ይሰነጠቃል። ከሥሩ መተንፈሻ ቀዳዳ ይተውለታል፤ በጥላ ሥር ቀስ ብሎ ይደርቃል። ምድጃ ከገባ በኋላ 100 ዲግሪ አካባቢ የቸኮለ ሰው ፍንዳታ ይሰማል፤ ውስጥ የቀረው እርጥበት እንፋሎት ሆኖ በታትኖት ነው። እስከ 600 ዲግሪ በዝግታ፣ ከዚያ እስከ 1000 ግድም። እናቶቻችን ይህን ሁሉ የሚያውቁት ያለ ቴርሞሜትር ነው።

ይህን ያህል የተለፋበትን ዕቃ ነው እንግሊዞች ለትርኢቱ አይመጥንም ብለው፣ ለንደን ውስጥ ከሚካሄደው የቼልሲ የአበባ ትርኢት፣ ደንብ አውጥተው ያገዱት። በ2013፣ የትርኢቱ 100ኛ ዓመት ሲከበር፣ ለዚያ ዓመት ብቻ ፈቀዱለት። እንዴት ሆኖ? ታዋቂ ሰዎች ቀለም ቀብተውት ለበጎ አድራጎት ጨረታ ወጣ! ባለ ብሩሹ ሲነካው ከበረ፤ ሸክላ ሠሪው ሲነካው ግን የሚያሳፍር ነበር ማለት ነው።

እኛም ብንሆን በሌላው ለመሳቅ አፍ የለንም። ጎንደር አጠገብ፣ ወለቃ፣ የቤተ እስራኤል ሴቶች ትንንሽ የሸክላ ምስሎች እየሠሩ ለመንገደኛ ይሸጡ ነበር። መንገደኛው ምስሉን በክብር ጠቅልሎ ይወስድ ነበር፤ ሠሪዋን ግን ሰፈሩ «ቡዳ» ይላት ነበር። ያውም በሸክላ ሠሪ እጅ ከተሠራ ጀበና ቡናውን እየቀዳ!

ስለ አያያዙ ባጭሩ። አውሮፓ ላላችሁ፣ የሸክላ ድንክዬ ውርጭ ሳይመጣ ቤት ይግባ። ሸክላው ውኃ ይጠጣል፤ ውኃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ገደማ ስለሚሰፋ ገላውን እየላጠ ይጥለዋል። ቀለም መቀባት ብቻውን አያድነውም፤ ውኃው ከሥር ይገባል። ፕላስቲኩ ይህ ችግር የለበትም፤ ፀሐይ ግን ያነጣዋል፣ ያደርቀዋል።

አሁን ወደ አዳራሻችን። ጠረጴዛዎቹ ላይ የአቅራቢው ስም በትልቁ ተጽፏል፤ የሠሪዎቹ ስም ግን በብዙዎቹ ላይ የለም። ለወደፊቱ ስማችሁን ጭቃው ጠንከር ሲል፣ ሳይደርቅና ሳይተኮስ፣ ከሥሩ በሚስማር ጫሩት፤ በቀለም የተጻፈ ይለቃል። ዛሬ ለቀረቡት ደግሞ፣ አዘጋጆች፣ ወረቀትና እስክሪብቶ መግቢያው ላይ አለ። ሠሪዎቹም እዚሁ ተቀምጠዋል። ከምሳ በፊት ይጻፍ።

አመሰግናለሁ።